ከአልበሙ ውጭ የገዛናቸው፦ የሽሮ ሜዳ ጋቢ፣ ፔርሙዝ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና ጀበና

ቴምብር የምንሰበስብ ጥቂት ወዳጆች በየጊዜው ተገናኝተን አልበሞቻችንን እንገላልጣለን፣ በእጃችን የተደገመውንም እርስ በርስ እንለዋወጣለን። ልውውጡ ካለቀ በኋላ ልማድ የሆነ ሌላ ጨዋታ አለን፤ እያንዳንዳችን ሰሞኑን ለቤታችን የገዛነውንና ከቴምብር ጋር ምንም የማያገናኘውን አንድ ዕቃ እናነሣለን፤ ለመሸከም የሚመች ከሆነም ይዘነው እንመጣለን። ከመካከላችን ነጋዴ የለም፤ አንዱ ለሌላው የሚሸጠው ዕቃ ስለሌለው የሚመሰገነው ያለ ማጋነን ይመሰገናል፣ የሚነቀፈውም ያለ ይሉኝታ ይነቀፋል። እዚህ የማቀርበው ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል እኔ ራሴ የገዛሁትን፣ ወይም ከገዛው ሰው ቤት ድረስ ሄጄ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁትን ብቻ ነው።

የቴምብር ሰብሳቢ አስተያየት ለጋቢና ለምጣድ ምን ይረባል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን በጣም ይረባል ባይ ነኝ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ 7 ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የተዘጋጁ ናቸው፤ በ4ቱ ላይ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ምስል፣ በ3ቱ ላይ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። በተከታዮቹ ዓመታት በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ ልዩ ልዩ ጽሑፍና አዲስ ዋጋ በማኅተም እየተጨመረባቸው ስለወጡ፣ ለአስመሳይ ሰፊ በር ተከፈተ፤ ቴምብሩ እውነተኛ ሆኖ ማኅተሙ ብቻ ሐሰተኛ የሆነበት ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ሰብሳቢ ማንኛውንም ቴምብር መጀመሪያ ይገለብጠዋል፤ ሙጫውን፣ የወረቀቱን ጀርባና የጠርዙን ጥርሶች ያያል፤ ከዚያም ወደ ብርሃን አንሥቶ በወረቀቱ ውስጥ የሚታየውን ይመረምራል፤ ፊቱን የሚያየው በመጨረሻ ነው። ይህ ልማድ ከአልበሙ ጋር አብሮ አይዘጋም፤ ገበያም ስንወጣ አብሮን ይወጣል። በቤት ዕቃ ግዢ ረገድ ያገኘነው ጥቅም ሁሉ ከዚሁ የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሰሞኑ ግዢዎች ሁሉ ያለ ማመንታት የማመሰግነው ከሽሮ ሜዳ ያመጣሁትን ጋቢ ነው። ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የባህል ልብስ ሱቆች ከአዲስ አበባ አልፈው ከክፍለ ሀገርና ከውጭ አገር በሚመጣ ገዢም የታወቁ ናቸው። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ከሚኖሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ፣ አለዚያም እዚሁ የተወለዱ የእነርሱ ልጆች ናቸው። ይህ ቅርበት ለገዢ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሸማውን የምትሸጠው ሴት ብዙ ጊዜ ሸማኔውን በስሙ ታውቀዋለች፤ ቁመቱ ያልበቃው ወይም ሌላ ጥለት የፈለገ ሰውም አዝዞ ማሠራት ይችላል።

ጋቢ እንደሚታወቀው አራት ድርብ ነው። ብዙ ገዢ ግን የሚዳስሰውና የሚያየው የላይኛውን ብቻ ነው፤ ሻጩም አጣጥፎ የሚያሳየው ያንኑ ነው። ጋቢን ጋቢ የሚያደርጉት ደግሞ ውስጥ የተሸሸጉት ሁለቱ ድርቦች ናቸው፤ ሙቀቱን ይዘው የሚያቆዩት እነርሱ ናቸውና። በአንዳንድ ሱቅ የላይና የታችኛው ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ፣ የውስጡ ግን ወንፊት እስኪመስል የሳሳ ጋቢ አጋጥሞኛል። ይህን ለማወቅ ጋቢውን መተርተር አያስፈልግም፤ ከጠርዙ ገባ ብሎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዞ ድርቦቹን አንዱን በሌላው ላይ ማንሸራተት ይበቃል። አራቱም እኩል ውፍረት ካላቸው ጣት ይለየዋል፤ አንዱ ከሳሳም ወዲያው ይታወቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብርሃን ነው። በሱቆቹ ውስጥ ያለው መብራት ነጩን ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ስለሚያስመስለው ለምርመራ አይመችም። እኔ ከገዛሁበት ሱቅ ጋቢውን ወደ ደጅ ማውጣት እንደምፈልግ ስናገር ሻጭዋ ቅር አላላትም፤ እንዲያውም «ጋሼ፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ይታይዎታል? ወደ በሩ ያውጡትና ይዩት እንጂ» ብላ አንዱን ጫፍ ራሷ ይዛ ዘረጋችልኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ በሥራው የሚተማመን ነው፤ ወደ ብርሃን አይወጣም የሚል ሻጭ ካጋጠመ ግን ቀጣዩን ሱቅ ማየት ይሻላል፤ ሱቁ እንደሆነ በሽበሽ ነው። ወደ ብርሃን ሲያዝ የጥሩ ጋቢ ማግ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥና ሳይዛነፍ ይታያል። በየመካከሉ ሰፋ ሰፋ ያለ ክፍተት ያለበት፣ ሸማኔው ማጉን ባስገባ ቁጥር እኩል አድርጎ ያላጠበቀው ነው፤ እንዲህ ያለው ገና በመጀመሪያው እጥበት ይሸሻል።

ስለ ፈትሉ በገበያው ብዙ ይነገራል፤ ሁሉም ሻጭ «ንጹሕ የእጅ ፈትል» ይላል። እውነቱ ትንሽ ጠበብ ያለ ነው። ዛሬ በሽሮ ሜዳ ከሚሸጠው ሸማ አብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ በእንዝርት የተፈተለ ነው፤ ይህም በራሱ ጉድለት አይደለም። ድር በሽመና ጊዜ ተወጥሮ የሚቆይ፣ እየተሳበና እየተፋተገ የሚሠራ ስለሆነ ጠንካራና ወጥ ክር ይፈልጋል፤ ልስላሴውንና ሙቀቱን የሚሰጠው ጠበቅ ብሎ ያልተፈተለው ማግ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው እንግዲህ ማጉ ነው። እኔ ሁልጊዜ ለቴምብር የምይዛትን አጉሊ መነጽር አውጥቼ አየሁት። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ እዚህም እዚያም ከፍሬው የቀረች ጥቁር ስባሪ ትታያለች፤ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ጭረቶቹ ወደ ላይ ቆም ቆም ብለው ለስላሳ ጸጉር ያወጡ ይመስላሉ። የፋብሪካው ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ነው። ይህን ለማየት አጉሊ መነጽር የግድ አይደለም፤ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ጠጋ ብሎ ቢያስተውል ይለየዋል።

ክሩ ጥጥ መሆን አለመሆኑን ለሚጠራጠር ሰው ደግሞ የቆየው መንገድ እስካሁን ተወዳዳሪ የለውም፤ ከጫፉ አንዲት ክር መዝዞ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ይነድና ግራጫ፣ በጣት የሚበተን አመድ ይተዋል፤ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ይኮማተርና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ይህን ሱቅ ውስጥ ማድረግ ስለማይገባ ሻጭዋን የተቆረጠ የዘርፍ ክር ለምኜ ደጅ ወጥቼ ሞከርኩት፤ አመዱ በመዳፌ ላይ ተበተነ። ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም፤ ዛሬ ከውጭ በማሽን ተሠርቶ የሚገባ፣ ጥለቱ ሳይቀር የሐበሻ ልብስ እንዲመስል ሆኖ የተዘጋጀ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ገዢ አውቆና ፈልጎ ከገዛው ምርጫው ነው። የእጅ ሥራ ነው ተብሎ ሲሸጥለት ግን ፈታይዋም ሸማኔውም ገዢውም አብረው ይጎዳሉ።

የመጨረሻው የማየው ነገር መጋጠሚያው ነው። በእጅ ሽመና የሚወጣው ሸማ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ጋቢ የሚሆነው ጎን ለጎን ተጋጥሞ ሲሰፋ ነው፤ ያ የመካከል ስፌት የባለሙያውን ጥንቃቄ ያለ ማስተባበያ ያሳያል። በገዛሁት ጋቢ ላይ የግራው ጥለት ከቀኙ ጋር አንድም ክር ሳይዛነፍ ተገናኝቷል፤ ስፌቱም ከጀርባው በኩል እንደ ፊቱ ሁሉ የጠራ ነው። ጥለቱ ባለ ሁለት ቀለም፣ ጠበብ ያለና ጭምት ነው፤ ሰፊና የሚያብለጨልጭ ጥለት ያለባቸውም ነበሩ፣ ነገር ግን ጋቢ ለመልበስና ለመደረብ እንጂ ለትርኢት ስላልፈለግኩት ተውኳቸው። ከመግዛቴ በፊት የጥለቱን ቀለም እርጥብ ነጭ መሐረብ ላይ አሸት አሸት አድርጌ አይቼዋለሁ፤ ቀለም አልለቀቀም። ቀይ ጥለት ለሚመርጥ ሰው ይህ ፈተና እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ቀይ ከለቀቀ ነጩ ጋቢ መቼም ነጭ ሆኖ አይመለስም።

ጋቢው ወደ ቤት ከገባ ወዲህ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ አሳልፈንበታል። መጀመሪያ ትንሽ ደረቅ ይል ነበር፤ ከታጠበ በኋላ ለስልሷል፤ ትንሽም ገብቷል፣ ስለዚህ ሲገዛ ከሚፈለገው ቁመት ረዘም ያለውን መምረጥ ይገባል። እጥበቱ በቀዝቃዛ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና ነው፤ በረኪና የእጅ ፈትልን ያደክመዋል፣ መጠምዘዝ ደግሞ ቅርጹን ያበላሸዋል። እውነተኛ ጉድለቱ አንድ ነው፤ አራት ድርብ ጥጥ ውኃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ጥሩ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ በክረምት ማጠብ አይመከርም፤ በመስኮት ዳር ለብዙ ጊዜ እርጥብ የቆየ ጋቢ ሽታ ያመጣል። ዋጋውን በሚመለከት፣ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነው በፋብሪካ ክር ብቻ ከተሠራው በግልጽ ይወደዳል፤ እኔም ከተጠየቅኩት ጥቂት አስቀንሼ ገዛሁ። ከዚያ በላይ መከራከር አልፈለግኩም፤ ጥጡን ከፍሬው ለይቶ፣ በደጋን ነድፎ፣ ባዘቶ አድርጎ፣ በእንዝርት ፈትሎ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ልቃቂት ማድረስ ስንት ጉልበት እንደሚወስድ ያየ ሰው ዋጋውን ውድ ለማለት ይከብደዋል። ከገና፣ ከጥምቀትና ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ሰፈሩ ይጨናነቃል፣ ዋጋውም ይወጣል፤ ሻጭም ወደ ብርሃን አውጥቶ የሚያሳይበት ጊዜ አይኖረውም።

ስለ ፔርሙዙ የምለው አጭር ነው። አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ከመርካቶ ያገኙት፣ ውስጡም ውጩም የማይዝግ ብረት የሆነ፣ ባለ አንድ ሊትር ፔርሙዝ ነው። እሳቸው ሲገዙ የፈላ ውኃ አስመጥተው ከሱቁ ውስጥ ሞልተው ጥቂት ደቂቃ በእጃቸው ይዘውት ቆይተዋል፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ አየር ያልገባበት ከሆነ ውጩ አይሞቅም፣ ከሞቀ ግን ዕቃው አንድ ቦታ ላይ ተበስቷል ማለት ነው። የእሳቸው አልሞቀም። ማታ የተሞላ ሻይ ጠዋት ላይ ለመጠጣት የሚበቃ ሙቀት ይዞ አግኝተነዋል። ክዳኑ ፕላስቲክ በመሆኑ ውስጡ ባለው የጎማ ቀለበት ላይ የሻይ ሽታ ይቀራል፤ በየጊዜው ፈትቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ለቢሮና ለመንገድ ጥሩ ነው፤ ለእንግዳ ግን ባለ አንድ ሊትሩ አይበቃም።

ወደ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ስመጣ አስተያየቴ ምስጋናም ማስጠንቀቂያም አለበት። የገዛችው ጓደኛችን ነርስ ናት፤ በፈረቃ ስለምትሠራ እንጀራ የምትጋግርበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ከዚህ በፊት በእንጨት ትጋግር ስለነበር ከጭሱ መገላገልን ትልቅ ነገር አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ በበኩሌ ትክክል ናት እላለሁ። በቤቷ ተገኝቼ ስትጋግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልክቻለሁ። ምጣዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የሸክላ ሳህን ነው፤ ከሥሩ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ሬዚስታንስ የሚባለው የሚግለው ጥቅል ሽቦ ይዞራል፤ ይህ ሁሉ በቆርቆሮ አካል ላይ ተቀምጧል። እንጀራው ያው የምናውቀው የሸክላ እንጀራ ነው፣ የተለወጠው እሳቱ ብቻ ነው።

እዚህም ላይ የሚሸሸገው ከጀርባው ነው። ገዢ የሚያየው የቆርቆሮውን ቀለምና የአክንባሎውን ውበት ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ሽቦው በቦዩ ውስጥ እኩል ተራርቆ መቀመጡና ሸክላው ስንጥቅ የሌለበት መሆኑ ነው። ሸክላውን በጣት መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጎ መስማት ይገባል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የሽቦው አቀማመጥ ግን በዓይን ስለማይታይ የሚፈርደው ሊጡ ነው። ጓደኛችን በአብሲት የተዘጋጀውን ሊጥ ከዳር ጀምራ ወደ መሀል እያዞረች ስታፈስስ ዓይኖቹ ከየት ጀምረው እንደሚከፈቱ ጠጋ ብዬ አየሁ። በመጀመሪያው እንጀራ በአንድ በኩል፣ ከመዳፍ በማይበልጥ ቦታ ላይ ዓይኖቹ ዘግይተው ነበር የወጡት፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ሸክላው ሙቀቱን አዳርሶ ስለነበር ልዩነቱ ጠፋ። ይህ የሚታገሡት ጉድለት ነው። አምስተኛና ስድስተኛ እንጀራ ላይም አንዱ ጎን ጥሬ ሆኖ የሚቀር ምጣድ ከሆነ ግን ሽቦው በደንብ አልተዘረጋም፤ መመለስ አለበት።

ማሟሸቱ እንደ ድሮው ነው። ምጣዱን አግሎ፣ የተፈጨ ጎመን ዘር እየነሰነሱ ሸክላው ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በማሰሻ ደጋግሞ ማሸት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሻጭ «ተሟሽቶ የመጣ ነው» ይላል፤ ጓደኛችንም እንዲህ ተብላ ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እንጀራ ተጣብቆ ወጣና እንደገና ራሷ አሟሸችው። ከዚያ ወዲህ በሰፌድ ጠርዙን ነካ ሲያደርጉት እንጀራው ያለ ችግር ይነሣል።

ማስጠንቀቂያዬ ስለ ኤሌክትሪኩ ነው፤ በዚህም ላይ በመካከላችን ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አጥብቆ የሚናገረውን እጋራለሁ። እንዲህ ያለ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በእኛ 220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ይህ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጅ ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ ይልቁንም በማከፋፈያ ሶኬት በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ የሚችለው አይደለም። ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ከዚያም አልፎ ቤት ያቃጥላል። ምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል፤ ሽቦውም ወፍራም፣ ቢቻል ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መሆን አለበት፤ ከቆርቆሮው አካል የሚነሣው የመሬት ሽቦም በትክክል መታሰር አለበት፤ እርጥብ እጅና ሊጥ ባለበት ቦታ የሚነካ ብረት ነውና። ሻጮች ይህን አይነግሩም። ጓደኛችን የገዛችበት ሱቅም ስለ መስመሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ቀጭን ገመድ ከተራ ሶኬት ጋር አያይዞ ነበር የሸጠላት፤ ገመዱ ከመጀመሪያው የጋገራ ቀን ጀምሮ ይግል ስለነበር አስቀይራዋለች፤ ለዚህ ያወጣችው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር ተደምሮ መታሰብ አለበት።

ከወጪ አንፃር ሲታይ ምጣዱ የሚመሰገነው በአንድ ጊዜ ብዙ ለሚጋግር ቤት ነው። ሸክላው ለመጋል ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ያ ሙቀት ለሦስት እንጀራ ቢባክን ያሳዝናል፤ ከ20 በላይ ለሚጋግር ግን ከጋለ በኋላ ሥራው ይፈጥናል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎችም ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት ማውጣት ይቻላል። ጓደኛችን ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ግን ምጣዱን ብቻውን ተማምኖ ሊጥ ማቡካት አይመከርም፤ ለእንዲህ ያለው ቤት ከሲሚንቶና ከገል መሰል ቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ የሚባለው የእንጨት ምድጃ እንጨትም ጭስም በግልጽ ስለሚቀንስ ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ መልካም ነው። ሬዚስታንሱ ሲቃጠል መቀየር መቻሉ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጸጋ ነው፤ በየሰፈሩ የሚጠግን ባለሙያ አለ፤ ሸክላው ካልተሰነጠቀ ምጣዱ አይጣልም። በጠቅላላው ለቤቷ የተገባ ግዢ ነው፤ መስመሩን ሳያስተካክል ለሚገዛ ሰው ግን ጨርሶ አልመክርም።

የቀረው ጀበናው ነው። ይህም የእኔው ግዢ ሲሆን ከሸክላ ሠሪዎች በቀጥታ ያገኘሁት ነው። ጡት ያለውን፣ ማለትም ከሆዱ ጎን የመቅጃ አፍ የወጣለትን መርጫለሁ፤ አንገቱ ራሱ መቅጃ የሆነው፣ በሰሜንና በኤርትራ የሚዘወተረው ዓይነትም በገበያው ነበር፤ እርሱ አተላውን የሚይዝ ማጥለያ በአፉ ላይ ስለሚፈልግ ለእኛ ቤት ልማድ አልተመቸም። ጀበና ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው ጥቁረቱንና ልስላሴውን ነው። መታየት ያለበት ጆሮውና መቅጃው ከሆዱ ጋር የተጣበቁበት ቦታ ነው፤ ሸክላ የሚከዳው በመጋጠሚያው በኩል ነው። ጣት እየዞረ ሲሄድበት መሥመር ወይም ስንጥቅ ካልተሰማው ደህና ነው። ቤት ከገባ በኋላ ውኃ ሞልቼ በደረቅ ወረቀት ላይ አሳደርኩት፤ ወረቀቱ ላይ ያረፈው እርጥበት ከሥሩ ትንሽ ክብ ብቻ ነበር፤ አዲስ ሸክላ ይህን ያህል ማላቡ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ የቡና አተላ ተደጋግሞ ተፈልቶበት ተሟሸ፤ ማላቡም ቆመ።

ቡናው ይጣፍጣል፤ ሸክላው እሳቱን ለዘብ አድርጎ ስለሚያስተላልፍ ድንገት ገንፍሎ አይወጣም፣ ወርዶም አተላው እስኪዘቅጥ ድረስ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የማማርረው መቅጃው ትንሽ አጠር ማለቱን ነው፤ ረከቦቱ ላይ በተደረደሩት ሲኒዎች ላይ ከፍ አድርጎ ሲቀዳ አንዳንዴ ጠብታ ወደ ሆዱ ይወርዳል። ሥሩ እንቁላል መሰል ክብ በመሆኑ ካለ ማቶት አይቆምም። ማቶቱን ደግሞ ከዚያው ከሸክላ ሠሪዋ፣ ጀበናውን በላዩ አስቀምጦ እየሞከሩ መግዛት ይሻላል፤ የአንዱ ጀበና ሥር ከሌላው ስለሚለይ ለብቻው የተገዛ ማቶት ወይ ይጠብባል ወይ ይሰፋል።